ማንም ያልዘራው አረንጓዴ፦ የማዕድን ክምርና የዕፅዋት የሰባ ዓመት ዳሰሳ

ማዕድን አውጪው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሁለት ነገር ትቶ ይሄዳል፤ ጉድጓድና ክምር። ጉድጓዱን ውኃ ይሞላዋል፤ ክምሩ ግን ለዓመታት ራቁቱን ይቆማል። ከምድር ጥልቅ ወጥቶ የተደፋው ድንጋይና አሸዋ ሕይወት ነክቶት አያውቅም። ብስባሽ የለውም፣ ናይትሮጂን የለውም፣ ውኃ አይዝም፤ በበጋ ይግላል፣ በክረምት ይሸረሸራል። አንዳንዱ እርሳስ፣ ዚንክ ወይም መዳብ የተቀላቀለበት ነው። በሌላው ውስጥ ደግሞ ፓይራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ውሁድ አለ፤ አየርና ውኃ ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል።

ይህ ሁሉ እያለ ግን ዓመታት አልፈው ወደ ብዙዎቹ ክምሮች የተመለሰ ሰው ሣር ያገኛል፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ ውሎ አድሮም ጫካ። ይህ ዳሰሳ ማንም ያልዘራው ይህ አረንጓዴ ከየት እንደሚመጣ፣ መሬቱን እንዴት እንደሚያለማ፣ የተመራማሪዎችና የማዕድን ኩባንያዎች አስተሳሰብም ከ1950ዎቹ ወዲህ እንዴት እንደተለወጠ ይከታተላል። ከሰባ ዓመቱ ጉዞ ጎልቶ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ ዕፅዋት እንዳይመጡ የሚያግደውን ነገር ለይቶ ያንኑ ማንሳት፣ ከዚያም መሬቱን በትዕግሥት መጠበቅ፣ ሁሉን ነገር በገንዘብና በማሽን ከመሥራት ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ይህ አቅም ለሌላት፣ ማዕድኗን ግን ገና እየከፈተች ላለች አገር ትልቅ ቁም ነገር ነው። (ዓ.ም ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1950ዎቹና 1960ዎቹ፦ መርዝን የለመደ ሣር

ጉዳዩን ከሥሩ የመረመረው እንግሊዛዊው የሥነ ምኅዳር ሊቅ አንቶኒ ብራድሾ ነው። በዌልስ ጎጊናን በሚባል ቦታ የቆየ የእርሳስ ማዕድን ክምር አለ፤ በዚያ ክምር ላይ በአካባቢው ግጦሽ የተለመደ ቀጭን ሣር በቅሎ ነበር። ብራድሾ በ1952 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ከክምሩ የተወሰደው ሣር እርሳስና ዚንክ ባለበት አፈር ላይ ሲያድግ፣ ከጥቂት ርቀት ከግጦሽ መሬት የተወሰደው ያው ዝርያ ግን እዚያው አፈር ላይ መኖር እንዳቃተው አሳየ። ስማቸውና መልካቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሣሮች በተፈጥሯቸው ተለያይተው ነበር።

ቀጣዮቹ ጥናቶች ልዩነቱ እንዴት እንደተፈጠረ ገለጡ። ከመደበኛ መሬት በተሰበሰበ በሺህ በሚቆጠር ዘር ውስጥ መርዛማ ብረትን መቋቋም የሚችሉ ጥቂቶች ከመጀመሪያውም አሉ። በመልካም መሬት ላይ ይህ ችሎታቸው ምንም አይጠቅማቸውም። ዘራቸው በክምር ላይ ሲወድቅ ግን ሌላው ሁሉ ሞቶ እነሱ ብቻ ይቀራሉ፤ እርስ በርስ ተዳቅለውም የራሳቸውን ሕዝብ ይመሠርታሉ። በሰሜን ዌልስ ድሩስ ኧ ኮይድ በተባለ የመዳብ ማዕድን ላይ በ1960ዎቹ የተደረገው ጥናት ደግሞ መርዝ የለመደው ሣርና ያልለመደው ሣር ድንበራቸው ጥቂት ሜትር ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። የተፈጥሮ ምርጫ ሺህ ዓመታት ሳያስፈልጉት በጥቂት ትውልድ ሲሠራ ከታየባቸው ግልጽ ማስረጃዎች አንዱ ይህ የማዕድን ሣር ነው።

ግኝቱ ሌላም ጥያቄ መለሰ። በአንድ ክምር ዙሪያ በርካታ ዝርያዎች እያሉ ክምሩ ላይ የሚወጡት ለምን ሦስት ወይም አራት ብቻ ይሆናሉ? በዘራቸው ውስጥ ያ ችሎታ ጨርሶ የሌላቸው ዝርያዎች የፈለገውን ያህል ዘር ቢበትኑ ስለማይዘልቁ ነው። ይህ ዕውቀት በ1970ዎቹ ወደ ሥራ ተለወጠ፤ ከአሮጌ ማዕድናት የተሰበሰቡ ሣሮች ተባዝተው ጎጊናን፣ ፓሪስ እና ሜርሊን በሚሉ የንግድ ስሞች መርዛማ ክምሮችን ለመሸፈን ቀረቡ። ፓሪስ የሚለው ስም የተወሰደው በዌልስ አንግልሲ ደሴት ካለው የመዳብ ተራራ ነው።

በአፍሪካም ተመሳሳይ ዕውቀት ነበር። በካታንጋና በዛምቢያ የመዳብ ቀበቶ ላይ ሌላው ተክል የማይደፍረውን መዳብ የበዛበትን መሬት የሚመርጡ አበቦች አሉ፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች የማዕድን ሥፍራ ሲፈልጉ አበቦቹን እንደ ምልክት ይጠቀሙባቸው ነበር።

1966፦ አበርፋን እና የችኮላ ዘመን

በጥቅምት 21 ቀን 1966 በደቡብ ዌልስ አበርፋን መንደር ላይ የድንጋይ ከሰል ክምር ተንሸራቶ በትምህርት ቤትና በቤቶች ላይ ወረደ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ መራር ሐዘን በኋላ በ1969 የክምሮችን ደኅንነት የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ አሮጌ ክምሮችን የማስተካከልና የመሸፈን ሰፊ ዘመቻም ተጀመረ።

ዓላማው ትክክል ነበር። ሊንሸራተት የሚችል ክምር ከምንም በፊት መረጋጋት አለበት፤ ለዚህ ጉዳይ ተፈጥሮን መጠበቅ የለም። የሽፋኑ ዘዴ ግን በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ክምሩን በዶዘር አስተካክሎ፣ ማዳበሪያ በትኖ፣ ፈጣን የግጦሽ ሣር መዝራት። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል፤ ማዳበሪያው ሲቆም ግን ሣሩ ይገረጣል፣ ይሳሳል፣ መሬቱም ተመልሶ ይራቆታል። ምን ጎደለ የሚለው ጥያቄ የቀጣዩ ዘመን ምርምር መነሻ ሆነ።

1970ዎቹና 1980ዎቹ፦ ነጩ ክምርና ናይትሮጂን

መልሱ የተገኘው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በኮርንዎል ነው። ሴንት ኦስቴል በተባለች ከተማ ዙሪያ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለሸክላና ለወረቀት ሥራ የሚውለው ነጭ ካኦሊን ይቆፈራል። ለአንድ ቶን ካኦሊን እስከ ዘጠኝ ቶን የሚደርስ ተረፈ ምርት ይወጣል፤ አብዛኛው እንደ ስኳር የነጣ አሸዋ ነው። ይህ አሸዋ መርዝ የለውም፤ ምግብም የለውም። ስለዚህ ድህነት ብቻውን ዕፅዋትን እንዴት እንደሚያግድ ለማጥናት ተስማሚ ሆነ። በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የብራድሾ ቡድን ዕድሜያቸው የተለያየ ክምሮችን ጎን ለጎን በመመርመር የአንድን ሥነ ምኅዳር እድገት እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ አነበበ።

በመጀመሪያ የሚመጡት የጥራጥሬ ወገን የሆኑ ቁጥቋጦዎች ናቸው። ከእነሱም ዋናው ከካሊፎርኒያ የመጣው የዛፍ ሉፒን ነው፤ የእኛ ግብጦ የቅርብ ዘመድ። አብሮትም ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ጎርስ ይመጣል። በእነዚህ ተክሎች ሥር ጉብጉብ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጂን ወስደው ለተክሉ ይሰጡታል። ሉፒኑ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ቅጠሉና ሥሩ በስብሶ ያ ናይትሮጂን ለጎረቤት ይቀራል። ከዚያ የአስታ ዘመድ የሆኑ ዝቅተኛ ቁጥቋጦዎች፣ ቀጥሎ አኻያና በርች፣ በመጨረሻም ኦክ ይመጣሉ።

ከዚህ ጥናት የወጣው ቁጥር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አንድ መሬት ያለ ሰው ድጋፍ ራሱን ችሎ እንዲቀጥል በሄክታር ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን በአፈሩ ውስጥ መከማቸት ያስፈልገዋል። ናይትሮጂኑ እዚህ እንደ እርሾ ነው፤ መጠኑ እስኪደርስ ምንም ቢጨመር አይነሳም፣ ከደረሰ በኋላ ግን ራሱን እያዞረ ይቀጥላል። በዩሪያ እናስላው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን ይዟል፤ 1,000 ኪሎ ማለት ለአንድ ሄክታር ወደ 22 ኩንታል ዩሪያ ነው። ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢበትኑት ደግሞ አሸዋው አይይዘውም፤ የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። የዘመቻው ሣር የገረጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

ተፈጥሮ ይህን ክምችት የምትሞላበት ፍጥነት በማን እንደምትጀምር ይወሰናል። ዝናብና አቧራ በዓመት አሥር ኪሎ ያህል ቢያመጡ አንድ መቶ ዓመት ይጠይቃል። ጥሩ የጥራጥሬ ሽፋን በዓመት ከሃምሳ እስከ መቶ ኪሎ ቢሰበስብ ግን ሥራው በአሥር ወይም በሃያ ዓመት ያልቃል። የአንድ ተክል መኖር አለመኖር የአንድ ትውልድና የአራት ትውልድ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ስውር አጋር ታወቀ። በ1974 በስኮትላንድ የከሰል ክምሮች ላይ የተደረገ ጥናት በራሳቸው የበቀሉት ዕፅዋት ሥር ውስጥ ፈንገሶች እንደሚኖሩ አሳየ። ፈንገሶቹ የተክሉ ሥር ከማይደርስበት ፎስፈረስና ውኃ ያመጣሉ፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጣቸዋል። ክምር ላይ የሚደርስ ዘር አጋሮቹን ካላገኘ ብቻውን ሩቅ አይሄድም።

ከ1977 እስከ 2004፦ ሕጉ፣ ዶዘሩና ኖራው

በዚያው ወቅት በሰሜን አሜሪካ ሁለት ተቃራኒ ልምዶች ተመዘገቡ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1977 ያወጣው ሕግ የገጽ ምድር ከሰል ቆፋሪዎች መሬቱን ወደ ቀድሞ ቅርጹ አስጠግተው እንዲመልሱና በዕፅዋት እንዲሸፍኑ አስገደደ። ለናዱ ተራሮችና ለተበከሉ ወንዞች ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን በአፓላቺያ ተራሮች ኩባንያዎቹ መሬቱን በዶዘር ደጋግመው ጠቅጥቀው ጥቅጥቅ ያለ ሣር ዘሩበት። የዛፍ ሥር በተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ አይገባም፤ ያ ሣርም የሚመጣውን ችግኝ አንቆ ያስቀረዋል። በዚህም የጫካ አገር ወደ ሣር ሜዳ ተለወጠ። በ2004 የተጀመረው የአፓላቺያ የደን መልሶ ማልማት እንቅስቃሴ ስህተቱን አረመ፤ የላይኛውን አፈር ሳይጠቀጥቁ ማልበስ፣ ዛፎቹን የማያንቅ ሣር መምረጥ፣ የአካባቢው ዘርም በራሱ እንዲገባ ቦታ መተው።

በካናዳ ሰድበሪ ታሪኩ ከዚህ የከፋ ነበር። የኒኬልና የመዳብ ማቅለጫዎች ጭስ በሺህ በሚቆጠር ሄክታር ላይ የነበረውን ጫካ አጥፍቶ አለቱን አጥቁሮት ነበር። አፈሩ አሲድ ስለሆነ በውስጡ ያሉት ብረቶች ሥርን ይገድሉ ነበር። በ1978 የከተማው አስተዳደር በተማሪዎችና በሥራ ፈላጊዎች ጉልበት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ መበተን ጀመረ። የሎረንሺያን ዩኒቨርሲቲው ኪት ዊንተርሃልደር የተመለከተው አስደናቂ ነገር፣ ኖራው ብቻ በተበተነበት ቦታ በርች፣ አኻያና ሌሎች የአካባቢው ዕፅዋት ሳይተከሉ በራሳቸው መግባታቸው ነው። ዘሩ በየዓመቱ በነፋስ ይደርስ ኖሯል፤ የጎደለው የሚያበቅለው መሬት ነበር። በእርግጥ ጭሱ ካልቀነሰ ኖራው ብቻውን አይበቃም ነበር። ሰድበሪ የተማረችውን ሥርዓት ዛሬም የማያሻማ ትምህርት አድርጌ እወስደዋለሁ፤ አስቀድሞ የብክለቱን ምንጭ መዝጋት፣ ቀጥሎ አንዷን መሰናክል ማንሳት፣ የቀረውን ለዕፅዋቱ መተው።

1990ዎቹና 2000ዎቹ፦ መተው እንደ ሥራ

በቼክ ሪፐብሊክ ሞስትና ሶኮሎቭ አካባቢ የቡኒ ከሰል ቁፋሮ ሰፊ ክምሮችን ፈጥሯል። ከፊሎቹ በወጪ ተስተካክለው ዛፍ ተተከለባቸው፤ ከፊሎቹ ግን ተረሱ። ካሬል ፕራኽ የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪና ባልደረቦቹ የተረሱትን ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። በ2003 በታተመ ንጽጽር በሞስት አካባቢ በራሳቸው ያገገሙት ክምሮች በቴክኒክ ከተስተካከሉት የበለጠ የዕፅዋት ዝርያ ይዘው ተገኙ።

ምክንያቱ ከፊሉ ቅርጽ ነው። የከሰል ማሽን አፈሩን የሚደፋው እንደ ማዕበል በሸንተረርና በስርጉድ ነው። ስርጉዱ እርጥበትና የረገፈ ቅጠል ይይዛል፤ ሸንተረሩ ፀሐይ ለሚወዱት ይሆናል። ዶዘር ሲያስተካክለው ይህ ሁሉ ልዩነት ይጠፋል። ሌላው ምክንያት ርቀት ነው። በአሸዋና በጠጠር ጉድጓዶች ላይ የተደረገ የቼክ ጥናት ማን እንደሚመጣ በዋናነት የሚወስነው በመቶ ሜትር ዙሪያ ያለው ዕፅዋት መሆኑን አሳይቷል። ዙሪያው የተፈጥሮ ጫካ ወይም ሜዳ ከሆነ ክምሩም ወደዚያ ያዘነብላል፤ ዙሪያው አረም ከሆነ አረም ይወርሰዋል።

ከመሬት በታች ያለውን ሥራ ያን ፍሩዝ የተባለው የአፈር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ በሶኮሎቭ ተከታትሎታል። በወጣት ክምር ላይ የረገፈው ቅጠል ሳይበሰብስ በገጹ ላይ ይነባበራል። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ የምድር ትል ሲደርስ ግን ቅጠሉን ከድንጋዩ ብናኝ ጋር እያላወሰ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል እውነተኛ አፈር መፈጠር ይጀምራል። ችግኝ ቆጥረን በሦስተኛው ዓመት ሪፖርት ስናቀርብ ይህ ሁሉ ከዓይናችን ውጭ ይቀራል።

በጀርመን ላውዚትስ ደግሞ በ2005 ስድስት ሄክታር የሚሆን መሬት በከሰል ማዕድን ውስጥ ከአሸዋና ከሸክላ ተሠርቶ ሁነርቫሰር የሚል ስም ተሰጠው፤ ምንም ሳይዘራበትም ለምልከታ ተተወ። የኮትቡስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አፈሩ፣ ውኃውና ሕይወቱ ከዜሮ ሲጀምር ተመለከቱ። መጀመሪያ አልጌና ሞስ አሸዋውን የሚያያይዝ ስስ ቅርፊት ሠሩ፤ ከዚያ ዘራቸውን ነፋስ የሚያመጣው ዓመታዊ ዕፅዋት መጡ፤ ጥቂት ቆይቶ የማገጥ ዘመድ የሆነ የጥራጥሬ ተክል ተስፋፋ፤ ዛፎችም ተከተሉ። በኮርንዎል ከተለያዩ ክምሮች ተሰብስቦ የተነበበው ቅደም ተከተል እዚህ በአንድ ቦታ በዓይን ታየ።

አመለካከቱ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳየው ትልቁ ምልክት ግን ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ባወጣው የተፈጥሮ መኖሪያ ሥፍራዎች ጥበቃ መመሪያ በዚንክና በእርሳስ መሬት ላይ የሚኖሩ የሣር ምድሮችን በጥበቃ ዝርዝር ውስጥ አስገባ። በሌላ መሬት የማይገኙ እንደ ዚንክ ቫዮሌት ያሉ አበቦች በእነዚህ ቦታዎች ይኖራሉ። በ1970ዎቹ ይሸፈን የተባለው ክምር ከሃያ ዓመት በኋላ እንዳይሸፈን የሚጠበቅ ሆነ።

ደቡብ አፍሪካ፦ ጤፍ በወርቅ ዝቃጭ ላይ

በጆሃንስበርግ ዙሪያ ወርቅ ከተገኘበት ከ1886 ወዲህ የተከማቹት የዝቃጭ ተራሮች ፓይራይት የበዛባቸው ናቸው። አሲድ ያመነጫሉ፣ ነፋስ በተነሳ ቁጥርም አቧራቸው በሰፈሮች ላይ ይወርዳል። ለአሥርት ዓመታት የተሠራው ሥራ ኖራና ማዳበሪያ ጨምሮ ሣር መዝራት ነበር፤ እንክብካቤው ሲቋረጥ ብዙው ሽፋን ተዳክሟል። የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት የዕፅዋት ቆጠራ በእነዚህ ዝቃጮችና በዙሪያቸው በተበከለው መሬት ላይ የሚገኙትን ዕፅዋት መዘገቡ፤ የዩኒቨርሲቲው ቡድን የተበከለውን የከርሰ ምድር ውኃ ከማምለጡ በፊት የሚጠጡ ዛፎችንም በማዕድን ሥፍራዎች ዙሪያ አስተክሏል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ልዩ ዜና አለ። በደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሬት ማገገሚያ የዘር ድብልቅ ውስጥ ጤፍ የተለመደ አባል ነው። ፈጥኖ ስለሚበቅል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፈሩን ከዝናብና ከነፋስ ይከላከላል፤ ዓመታዊ ስለሆነ ደግሞ ለቋሚዎቹ ሣሮች ቦታውን ይለቃል። ከእሱ ጋር የሚዘራው ሰርዶ በየደጃችን ያለው ነው፤ ሌላው ዋና ሣርም የጤፍ የሥጋ ዘመድ ነው።

አረንጓዴ ሁሉ ጤና አይደለም

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ማዕድንን ዘግቶ መሄድ ይበቃል ብሎ የሚደመድም ሰው ይሳሳታል። በመርዛማ ዝቃጭ ላይ የበቀለ ሣር ብረቱን ወደ ቅጠሉ ሊያወጣ ይችላል፤ ከብት ከበላው ወደ ወተትና ሥጋ የሚወስድ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። አረንጓዴ ሽፋን የላዩን አቧራ ቢያስቀርም ከሥር የሚፈሰውን አሲድና ሜርኩሪ አያቆምም። ስለዚህ መርዝ ባለበት ቦታ ቅድሚያው መርዙን ማገድ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ወራሪ ተክል ነው። ናይትሮጂን ሰብሳቢ መሆን ብቻውን መልካም ጎረቤት አያደርግም። በአፋር ሜዳዎች ፕሮሶፒስ የጥራጥሬ ወገን ሆኖ ሳለ ለአርብቶ አደሩ ምን እንዳተረፈ እናውቃለን። የተራቆተ መሬት ዙሪያው ቅንጨ አረም ከሆነ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው።

ሦስተኛው ኃላፊነትን መሸሽ ነው። ተፈጥሮ ትሥራው የሚለው ቃል ወጪ ለማዳን የሚፈልግ ባለፈቃድ ጥሩ መሸሸጊያ ይሆነዋል። የቼክና የጀርመን ልምድ ግን ዓመታት የፈጀ ክትትል፣ መለኪያና ጥበቃ ያለበት ነው።

ወደ አገራችን

ኢትዮጵያ ይህን ዕውቀት በሌላ ስም ይዛዋለች። በትግራይና በአማራ ክልሎች ከ1990ዎቹ ወዲህ ሰፋፊ የተራቆቱ ተራሮች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተደርገዋል። ሰንበሌጡ፣ ክትክታው፣ ግራሩ በአብዛኛው ሳይተከል ተመልሷል፤ በትግራይ የተደረጉ ጥናቶችም በተከለለው መሬት አፈር ውስጥ ከክፍት ግጦሹ የበለጠ ብስባሽና ናይትሮጂን አግኝተዋል። የጎጃምና የአዊ ገበሬም በደከመ መሬት ላይ ግብጦ መዝራትን ከማንም ሳይማር ያውቃል። የጎደለን ይህን ልምድ ወደ ማዕድን መሬት ማሻገር ነው።

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ዓ.ም ባለፈቃዱ ለአካባቢ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ይጠይቃል። የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ በ2010 ዓ.ም በነዋሪዎች ተቃውሞ ምክንያት መታገዱም ጉዳዩ ከሰው ጤናና ከሰላም ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ አሳይቶናል። ከትልልቆቹ ማዕድናት ሌላ በየከተማው ዳርቻ የድንጋይ ካባ፣ በየወንዙ ዳር ባህላዊ የወርቅ ቁፋሮ አለ። ለእነዚህ ሁሉ ሰባው ዓመት የሚሰጠው መመሪያ ግልጽ ነው። ቁፋሮ ሲጀመር የላይኛው አፈር ተገፍፎ ለብቻው ይቀመጥ፤ የአካባቢው ዘርና ፈንገስ ያለው በእሱ ውስጥ ነውና። ሥራው ሲያልቅ ከመትከል በፊት ይለካ፤ አሲድነቱ፣ ናይትሮጂኑ፣ መርዛማ ብረቱ። አሲድ ከሆነ ኖራ፣ ናይትሮጂን ካጣ አገር በቀል ግራርና ሌሎች የጥራጥሬ ወገን ዕፅዋት፣ ከተጠቀጠቀ ማላላት፣ መርዝ ካለ መከለልና ከብት ማራቅ። ምንም ካልጎደለው ደግሞ አጥርና ጠባቂ ብቻ።

ከሁሉም በላይ የስኬት መለኪያችን ይለወጥ። በ2011 ዓ.ም ከተጀመረው አረንጓዴ አሻራ ወዲህ የተተከለ ችግኝ መቁጠርን በሚገባ ለምደናል። በማዕድን መሬት ላይ ግን የሚቆጠረው ሌላ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በራሳቸው የመጡት ዝርያዎች ስንት ናቸው? ከአሥር ዓመት በኋላ አፈሩ ምን ያህል ናይትሮጂን ይዟል? ከሃያ ዓመት በኋላ የምድር ትል ገብቷል? ባለፈቃዱ ያስያዘው ገንዘብም ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ልክ ደረጃ በደረጃ ይለቀቅለት። ያን ጊዜ መሬቱን ማዳን ለኩባንያውም፣ ለመንደሩም፣ ለተቆጣጣሪውም አንድ ዓይነት ትርፍ ይሆናል።